ጠረጴዛ ላይ የበቀለ ቄጤማ

ከአገሬ የወጣሁ ለት ሱቄን እንደ ወትሮው ዘጋሁ፤ ቁልፉን ግን ለባለቤቴ ለዘነበች ሰጠኋት። ቀበሌውን «ዲላ ቡና ልገዛ ነው» ብዬ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ጭነት መኪናው ድረስ ሸኘችኝ፤ አላለቀሰችም።

«ስማ፣» አለችኝ፣ «ከውስጥ የምቆልፈው በር ሳታገኝ ነይ እንዳትለኝ። ሰው በሰው ላይ ለሚተኛበት ክፍል ብዬ መርካቶን አልለቅም።»

ከዲላ ወዲያ ያለ ወረቀት ሄድኩ፣ ሞያሌን በእግሬ ተሻገርኩ። ናይሮቢ ስደርስ፣ ኢስትሊ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር የጠበቀኝ ልክ እሷ የፈራችው ክፍል ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እዚህ አገር ግራ ያልገባኝ ነገር የለም። ጎመኑን ሱኩማ ይሉታል፤ ቅቤም ሚጥሚጣም አያውቅም። ዝናቡ እንኳ ክረምትን አይጠብቅም፣ ደስ ሲለው ይመጣል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የአበባ ማስቀመጫ ገዝተው፣ አፈር ሞልተው፣ ሳሎን ውስጥ ቅጠል የሚያሳድጉት ነው። አይቀቅሉት፣ ለመድኃኒት አይሉት። እንዲሁ ቁጭ ብለው ያዩታል።

ነጋዴ ነኝና የሚተክሉበትን ልሽጥላቸው ብዬ አበባ የተሳለባቸው የብረት ኩባያዎች በጅምላ ገዛሁ፤ መሃል ከተማ መንገድ ዳር ደረደርኩ። ብዙም ሳይቆይ ደንበኞቼ የበሰበሰ ተክል ይዘው ይመጡ ጀመር። ማማ ንጄሪ የምትባል፣ ኪሌሌሽዋ በሚባል የባለጠጎች ሰፈር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴትዮ ኩባያውን ገልብጣ ቂጡን አሳየችኝ።

«ቀዳዳው የታለ?»

«ኩባያ ቀዳዳ ኖሮት ያውቃል እንዴ ማማ?»

«ታዲያ ውሃው በየት ይውጣ? ሥሩ ሰጥሞ ሞተብኝ እኮ!»

እዚያው ቆማ አስተማረችኝ፤ ምናልባት አንድ ቀን እናንተንም ግራ ቢገባችሁ ልንገራችሁ። ማስቀመጫው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ ጠረጴዛውን ውሃ እንዳያበላሸው ሳህን ላይ ይቀመጥ። ለትንሽ ተክል ትልቅ ማስቀመጫ አይሆንም፤ የተረፈው አፈር ውሃ ይዞ ይገድለዋል። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከታችሁ እርጥበቱን እዩ። ሱቄ ስሸጠው ለኖርኩት ሚጥሚጣ እንኳ ይህን ያህል ተጨንቄ አላውቅም።

ኩባያዎቹን በምስማር ልበሳ ብል ቀለሙ ተፈረፈረ። ስለዚህ ቀዳዳ የማይፈልግ ተክል ማሰብ ያዝኩ። ቄጤማ! እግሩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ የሚኖር! ከወንዝ ዳር ከነሥሩ ነቅዬ፣ ከነጭቃው ኩባያ ውስጥ ተከልኩት። ማማ ንጄሪ ስታየው «ፓፒረስ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። እሁድ የቤተ ክርስቲያኗን ሴቶች ሻይ ልትጋብዝ ስለነበር ለየጠረጴዛው አዘዘችኝ።

«አሳምረህ ካደረስክልኝ፣» አለች፣ «ጓሮዬ ያለችውን ሰርቫንት ኳርተር፣ የሠራተኛዋን ክፍል፣ ላንተ አከራያለሁ። እስከዚያ ግባና ሞክራት።»

በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። የገባሁ ለት ስቆልፍ ስከፍት አመሸሁ።

ያ እሁድ ዛሬ ነው፤ እንቁጣጣሽም ዛሬ ሆነ። ዘነበች ጎረቤት ስልክ አጠገብ እንድትጠብቀኝ መልእክት ልኬላታለሁ። ጠዋት ኩባያዎቹን በማማ ንጄሪ በረንዳ ላይ ደርድሬ፣ የክፍሌን ቁልፍ በሩ ላይ ትቼ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ለበዓሉ የጠራኋቸው የኢስትሊ የአልጋ ጎረቤቴ ጋሽ ኪዳኔ፣ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሽማግሌ፣ መቀሳቸውን ይዘው ክፍሌ መሃል ቆመዋል። ወለሉ አረንጓዴ ለብሷል።

«እንኳን አደረሰህ! በዓል ሆኖ ቄጤማህን ሳትጎዘጉዝ የት ትዞራለህ?»

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ከየት አመጡት?»

«ከበረንዳው ነዋ። በኩባያ በኩባያ አድርገህ አገኘሁት፤ ለቁንጫ ልትጎዘጉዝ ነበር?»

«ሽጬዋለሁ እኮ!»

«ቄጤማ? በኩባያ?» ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?»

በዚህ መሃል ማማ ንጄሪ፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደለበሰች፣ ደጃፉ ላይ ደረሰች። ባዶ ኩባያዎቹን አይታ ነው የመጣችው።

«ፓፒረሴን ትረግጡታላችሁ?»

«በዓል ነው ማማ። በእኛ አገር ለእንግዳ ይነጠፋል።»

«እኔስ ለእንግዳ አይደል ያዘዝኩት? እንግዳ ግን በዓይኑ ነው የሚያየው፤ በጫማው አይደለም!»

«ትግባ በላት፣» አሉ ጋሽ ኪዳኔ በአማርኛ፣ ወንበር እየሳቡ። «እሷም እንግዳ ናት።»

አልገባችም፤ አልሄደችምም። ጎንበስ ብላ አንዷን ቄጤማ አነሳችና አሸተተቻት። «ሽታው ደስ ይላል፣» አለች በንዴት። ከዚያ ቁልፉን ከበሩ ነቅላ «ነገ እነግርሃለሁ» ብላኝ ሄደች። ሽታው ደስ ይላል ማለት ኑር ነው ወይስ ውጣ?

ከሰዓት ፖስታ ቤት ሄጄ ደወልኩ። የዘነበች ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ነው።

«የት ዋልክ በዓሉን?»

«ክፍሌ። ማለቴ እስከ ነገ...»

«ቄጤማ ተጎዝጉዟል?»

ሌላ ሌላውን ሁሉ እንድትጠይቀኝ ጠብቄ ነበር።

«ተጎዝጉዟል፣» አልኩ። እውነት ነው።

እሷም እያለቀሰች፣ «በሰው ቤትማ አትጎዘጉዝም። በር አግኝተሃል ማለት ነው። የሱቁን ዕቃ ነገ በጠዋት አስረክቤ እመጣለሁ።»

«ቆይ ዘኑ፣ ነገ እስኪ...»

መስመሩ ተቋረጠ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሴት «ጊዜህ አልቋል» አለችኝ። ቆይ ያልኳትን ትስማው አትስማው አላውቅም።

ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያ ተመልሼ ነው። በሩ አይቆለፍም። ቄጤማው ገና አልጠወለገም። ጫማዬን ደጅ አውልቄ ነው የገባሁት፤ ለማን ብዬ እንደሆነ ግን እኔም አላወቅሁም።