አባባን ከቤቱ ያስወጣሁበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ከሆስፒታል ደወለችልኝ። ሐኪሞቹ ለእናቷ ከእንግዲህ የሚያደርጉላት ነገር እንደሌለ ነግረዋት፣ እዚያው ታቆያት ወይስ ቤት ትውሰዳት ጨንቋታል። "ወንድሜ ቤት ትምጣ የሚለው ወጪ ሸሽቶ ነው" አለችኝ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በሃያ ዓመቴ የእኔም እንደዚያው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ለክረምት እረፍት የካ፣ የእንጦጦ ዳገት ሲጀምር ወዳለው ቤታችን ስመጣ፣ አባባ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ተኝቷል። መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲፈነቅል የኖረ ሰው፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ያለም አይመስል። እንጀራ እናቴን እትዬ ዘነበችን ምን እንደሆነ ስጠይቃት "ጨጓራው ነው፣ ይሻለዋል" ትለኛለች። ዓይኔን ግን አታየኝም።

ድሮም አልወዳትም ነበር፤ አሁን ምክንያት አገኘሁ። ቁም ሳጥኑን ስከፍት መድኃኒቱ ሳይነካ ተቀምጧል። ሾርባ ልሥራለት ስላት "ተይው፣ ያስመልሰዋል" አለች። ጥጥ በጠላ እያራሰች ከንፈሩን ታብሳለች፤ ምግቡ ይኸው ነው። ጠያቂ ሲመጣ ከበር ትመልሳለች። ደጅ ዝናቡ የባሕር ዛፉን ሽታ እያስነሳ ሲወርድ፣ እኔ ቤቱን ፈልጋ በረሃብ እየገደለችው ነው እያልኩ አብሰለስላለሁ።

በአራተኛው ቀን ጭቃውን እየረገጥኩ ቀበሌ ሄድኩ። ያን ጊዜ ቀበሌ ሄዶ በሰው ላይ መናገር ምን እንደሚያስከትል የማላውቅ ልጅ አልነበርኩም። ከሰዓት በኋላ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ። እትዬ ዘነበች "ተዉት፣ በእመቤቴ" እያለች ስትለምናቸው ገፍተዋት ገቡ። አባባ ዓይኑን ገልጦ ፈለገኝ።

"አንቺ ነሽ ያመጣሻቸው?"

"አዎ አባባ። አይዞህ፣ ትድናለህ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ቆየ። የግሉኮሱን መርፌ እየነቀለ ስላስቸገረ እጁን ከአልጋው ጋር አሰሩት። የሚያውቀው ሐኪም በመጨረሻው ቀን መጥቶ ሲያየን ግራ ገባው።

"ለምን መለሳችሁት? ካንሰር መሆኑን ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ። ቤቴ ልሙት ብሎ ራሱ ነው የወጣው።"

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ዘነበችን "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አስምሎኝ ነዋ። ከሰማች ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ታንከራትተኛለች አለ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። አባባ የሞተው እጁ እንደታሰረ ነው።

ለጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ አልዘረዘርኩላትም። እናቷ ሰው ሲያናግራት ትሰማ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኋት። ትሰማለች አለችኝ። "እንግዲያው እሷን ጠይቂያት" አልኳት። ወንድሟን መጠርጠሯ ምናልባት ልክ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ። እኔም ያን ክረምት እንጀራ እናቴን ጠይቄያለሁ፣ ጎረቤት ጠይቄያለሁ፣ ቀበሌ ድረስ ሄጃለሁ። አራት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ፣ አባባን ግን ምን እንደሚፈልግ አልጠየቅሁትም።