«ኤዬ» ያልኩ ዕለት

ሰበታ ውስጥ የምግብ ቤት ጽዳት ሆኜ የገባሁት በውሸት ነው። ውሸቱም ረጅም አልነበረም፤ አንዲት ቃል ናት። የቤቱ ባለቤት ራሰ በራ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ሰው «ኦቦ» ነው የሚላቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አፋን ኦሮሞ ቤክታ?» አሉኝ። ኦሮምኛ ትችያለሽ ወይ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ከደቡብ ከመጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር፤ የማውቀው ኦሮምኛ ከታክሲ ረዳት የለቀምኩት አንድ «ኤዬ» ብቻ ነው፤ አዎ ማለት ነው። እሱኑ ሰጠኋቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሳቸው ራስ ተመልጧል፣ የኔ አፍ አምልጧል፤ እኩል ነን።

የዋሸሁት ለጨዋታ አይደለም። ፉሪ የተጠጋሁባት የአጎቴ ልጅ ሚስት፣ እስከ እሁድ ሥራ ካላገኘሽ ወደ አገርሽ አሳፍርሻለሁ ብላኛለች፤ ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ነበር። አገር ቤት ምእመኑ በሙሉ ጸልዮና ዘምሮ ነው የሸኘኝ። ባዶ እጄን ብመለስ ለፓስተሩ ምን ልበላቸው? እግዜር ሰበታን አያውቃትም ልበል?

ኦቦ የአንድ ቀን ሙከራ ሰጡኝ። ዩኒፎርም ብለው ያለበሱኝ የራሳቸውን አሮጌ ኮት ነው፤ ጉልበቴ ድረስ ይወርዳል፣ ኪሱ ውስጥ ስቴኪኒ አለ። ከዚያ እጃቸውን በቤቱ ዙሪያ አዙረው «ቁልቁሌሲ» አሉኝና ሽንኩርት ሊገዙ ገበያ ሄዱ።

ወጥ ሠሪዋን እንዳልጠይቃት ኦሮምኛ አውቃለሁ ብያለሁ። ስለዚህ ራሴ ተረጎምኩት። ቁልቁል ካሉማ ግልጽ ነው፤ ዕቃውን ሁሉ ቁልቁል ድፊው ነው። የከተማ ሰው አሠራር ይሆናል ብዬ ወንበሮቹን ገልብጬ እግራቸውን ወደ ጣሪያ አቆምኩ። ጠረጴዛዎቹን ገለበጥኩ። ብርጭቆውን ደፋሁ፣ የሶፍት ማስቀመጫውን ደፋሁ፣ የሚጥሚጣውን ዕቃ ደግሞ ደፍቼ እንባዬ እስኪወርድ አነጠስኩ። ግድግዳው ላይ የመልአክ ስዕል ያለበት ካላንደር ነበር። እሱጋ ስደርስ ግን ፈራሁ። ጴንጤዋ ሆን ብላ ዘቀዘቀችው ይሉኛል ብዬ ተውኩት።

የቁርስ ደንበኞች መጥተው በር ላይ ቀሩ። አንዱ፣ ሰው ሞቷል እንዴ ብሎ ጠየቀ። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኧረ መንግሥት አሽጎት ነው አለ። ወሬው ሮጦ ገበያ ደረሰ። ኦቦ ሽንኩርቱን የት እንደጣሉት እንጃ፣ እያለከለኩ ገቡ።

«ማነው ያሸገው?»

«እኔ ነኝ ኦቦ፤ ቁልቁል ድፊው ስላሉኝ» አልኩ።

ወጥ ሠሪዋ በሳቅ ፍርስ አለች። ቁልቁሌሲ ማለት አጽጂ ማለት እንደሆነ ያወቅኩት እሷ እየሳቀች ስትነግረኝ ነው። ኦቦ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው የአንዱን ወንበር ሆድ አዩ። ስንት ዘመን እንደተለጠፈ የማይታወቅ ማስቲካ ሞልቶታል። ጠረጴዛዎቹም እንደዚያው። ከኔ በፊት የነበሩት ጽዳቶች የቃሉን ትርጉም በትክክል ስለሚያውቁ ከላይ ከላይ ብቻ ሲወለውሉ ኖረዋል። ኦቦ ቢላ ሰጡኝ። ደንበኛው በረንዳ ላይ ሲበላ እኔ ማስቲካ ስፍቅ ዋልኩ። የሰበታን ሰው ከመልኩ በፊት በጥርሱ ነው ያወቅኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡና ሥራዬን አይተው «ቦሩ ኮቱ» አሉኝ። «ኮቱ» የምትለዋን ሰማሁ። በቃ፣ ኮቱን አውልቂና ሂጂ ነው። አውልቄ፣ አጥፌ፣ ከነስቴኪኒው አስረከብኳቸው። ኮቱን እንደያዙ ግራ ገብቷቸው ያዩኝ ጀመር። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፤ እስከ ፉሪ ድረስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ልብሴን ወደ ሻንጣ ስከት፣ የአጎቴ ልጅ ሚስት ምን ብለው አባረሩሽ አለችኝ። ፉሪ ተወልዳ ያደገች ናት። «ቦሩ ኮቱ» አልኳት። ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

«ነገ ነይ ነው'ኮ ያሉሽ።»

ሻንጣውን ከእጄ ነጥቃ አልጋ ሥር መለሰችው። ደስታውም ሃፍረቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ያን ማታ አንድ ሌላ ቃል እንድታስተምረኝ ለመንኳት።

በማግስቱ ጉባኤ ቀርቼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጠዋት ሰበታ ደረስኩ። ኦቦ ኮቱን ክንዳቸው ላይ ጥለው በር ላይ ቆመዋል።

«አፋን ኦሮሞ ቤክታ?» አሉኝ።

«ላኪ» አልኩ። አይ ማለት ነው።

«አሁን ቻልሽ» አሉና ኮቱን አለበሱኝ።