ኦቦ ገመቹ ያረሙልኝ ፍለጋ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሱሉልታ በምሠራበት ቢሮ፣ ሐና የምትባል ባልደረባዬ ወንበሯን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «እስቲ ይህን እየው፤ ሰዎቹ መዝገቡ ውስጥ አሉ፣ የእኔ ፕሮግራም ግን አያገኛቸውም» አለችኝ። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። በኔትወርክ ላይ ከተቀመጠው የሠራተኞች መዝገብ ስምና ስልክ ፈልጎ ያወጣል። መዝገቡ እንደ ዛፍ የተቀረጸ ነው፤ የእሷ ፍለጋ ከአንድ ቅርንጫፍ በታች እንዲወርድ አልታዘዘም ነበር። አንድ ቃል ቀየርኩላት፤ ሰዎቹ ወጡ።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አለችኝ።

«ራሴ» አልኳት። ሁልጊዜ የምሰጠው መልስ ነው። ሙሉ እውነት ግን አይደለም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ቡራዩ እንኖራለን። ኮሌጅ አልገባሁም፤ ሲን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው። ሰበታ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ፤ አራት ታክሲ። ክረምት ነበር። ዓለም ገና ላይ ውሃው መንገዱን ሲሞላው ሚኒባሱ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሶ እገባና ሲመሽ በዚያው እርጥበት እመለሳለሁ።

የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ሰሎሞን ሥራውን ሲሰጠኝ በሩን ዘጋ። «ሠራተኛው ከየጠረጴዛው የሰው ስልክ ፈልጎ ካገኘ የስልክ ኦፕሬተር ምን ያደርግልናል? ይህን ፕሮግራም ከሠራህ ቋሚ ትሆናለህ» አለኝ። ቀጥሎም «ለጊዜው ግን በመካከላችን ይቅር» አለ። እሺ አልኩ።

ኦፕሬተሩ ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ዓይነ ስውር ናቸው። በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ሰበታ መጥተው በዚያው ቀሩ። በፋብሪካው በር አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ጥሪ ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። የእያንዳንዱን ክፍል የውስጥ መስመር በቃላቸው ያውቃሉ። አንዱ ደውሎ «ኦቦ፣ አስቴርን ያገናኙኝ» ሲላቸው «የትኛዋን? የምትስቀዋን ወይስ የምትቆጣዋን?» ይላሉ። ደዋዩም ይመርጣል።

ፕሮግራሙን በአምስት ሳምንት ጨረስኩ። መጀመሪያ የተሞከረው ንብረት ክፍል፣ በወይዘሮ ዘነበች ኮምፒውተር ላይ ነው። አቶ ሰሎሞንም ቆሟል። ወይዘሮ ዘነበች በአንድ ጣቷ «አስቴር» ብላ ጻፈች። ምንም አልመጣም። «አበራ» አለች፤ ከአበራ ልጆች በቀር አበራ የሚባል ሰው አልወጣም።

«ምነው ይሄ ነገርህ ከሰው ጋር አልኖረም እንዴ?» ብላ ስልኩን አነሳች። «ኦቦ፣ እባክዎ አስቴርን ይስጡኝ!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አቶ ሰሎሞን አልሳቀም። «እስከ ዓርብ» ብሎኝ ወጣ።

ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን መስመር በመስመር አነበብኩ። ግንኙነቱ ይከፈታል፣ ፍለጋው ይሄዳል፣ ውጤቱ ይነበባል፣ የተያዘው ሜሞሪ ይለቀቃል። አንድም ስህተት አላገኘሁም። ሲ የጠየቁትን ብቻ የሚመልስ ቋንቋ ነው፤ የጠየቅኩት ነገር ራሱ ትክክል ይሁን አይሁን ማየት ግን ትዝ አላለኝም።

በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ሁለት የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ።

«አካም ኦልታን፣ ኦቦ?»

«ናጋ ዳ። ያ የቡራዩ ልጅ ነህ። ጫማህ ጭቃ ጠግቧል።» ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ የያዘች የፕላስቲክ ዕቃቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ብላ። ያ ማሽንህ ተቀየመህ አሉ።»

«የእርስዎን ሥራ እንዲያግዝ የሚሠራ ነው» አልኳቸው። ሳላስበው ነው የወጣው፤ ማሰብ ግን ነበረብኝ።

በቆሎውን ገመጥ አድርገው፣ «ማሽንህ ሰው ሲፈልግ በምን ይፈልጋል?» አሉኝ።

«በቤተሰብ ስም። ማለቴ… በአባት ስም።»

ማኘካቸውን አቆሙ። «አንተን የሚፈልግ ሰው ቡራዩ ሄዶ የአባትህን ስም ቢጠራ ማን ‹አቤት› ይላል?»

«ወንድሜም፣ እህቴም።»

«ታዲያ!»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የመጽሐፉ ምሳሌ ሰውን በቤተሰብ ስሙ ይፈልግ ነበር፤ እኔም ቃል በቃል ገለበጥኩት። ስሞክረውም በአባት ስም ስለምሞክረው ሁልጊዜ ይሠራልኛል። ዕድሜዬን ሙሉ በራሴ ስም ተጠርቼ፣ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ የሌላ አገር ሰው ሆንኩ።

«መጀመሪያ በራሱ ስም ፈልገው» አሉኝ። «ቀጥሎ በክፍሉ። የአባት ስም ሁለት አስቴሮችን መለያ ነው እንጂ መፈለጊያ አይደለም።» በፋብሪካው መዝገብ የሰፈሩት የሥራ ክፍሎችም ብዙዎቹ ጊዜ ያለፈባቸው ነበሩ፤ ከዓመታት በፊት የተዛወሩ ሰዎች መዝገቡ ውስጥ በነበሩበት ተቀምጠዋል። ያን ቀንና በማግስቱ፣ በጥሪ መሃል፣ ማን አሁን የት እንደሚሠራ ነገሩኝ። እኔ እጽፋለሁ፤ እሳቸው «ቆይ» ብለው መስመር ያገናኙና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንድም ቦታ አልተሳሳቱም።

ዓርብ ዕለት ሁሉም ሠራ። ወይዘሮ ዘነበች እልል አለች። አቶ ሰሎሞን እጄን ጨበጠኝ።

መስከረም ሲገባ ኦቦ ገመቹ አስጠሩኝ። የታሸገ ፖስታ ዘረጉልኝ፤ «አንብብልኝ።»

ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። የሥራ መደባቸው ስለታጠፈ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ… እዚያ ላይ አቆምኩ።

«ቀጥል» አሉኝ። «አዲስ ነገር አይደለም። ሰሎሞን ለሥራ አስኪያጁ በስልክ ሲነግረው መስመሩን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። አንተ በቆሎ ይዘህ ከመምጣትህ ሳምንት በፊት።»

«ታዲያ ለምን ረዱኝ?»

«ዘነበች ስትጮህ ሰማኋት። ሰው እየተፈለገ ሲታጣ አልወድም። ሥራዬ እኮ ያ ነው።» ፖስታውን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱ። «አንተ ግን ልትነግረኝ ትችል ነበር።»

ስልኩ ጮኸ፤ አነሱት።

ቋሚ ሆንኩ፤ ሁለት ዓመት ሠርቼም ለቀቅኩ። በፕሮግራሙ አልጸጸትም። እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል፤ ኦቦ ገመቹም ይህን ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር። የሚከነክነኝ ያ ምሳ ሰዓት ነው፤ ከዕቃቸው እየበላሁ የዋሸሁት፣ እሳቸውም ውሸቱን እያወቁ ስህተቴን ያረሙልኝ። ሰው ለሥራዬ ጥንቃቄ ሲያመሰግነኝ ዓይኔን እሰብራለሁ። ኮዴን አሥር ጊዜ አያለሁ፤ ለአንድ ሰው እውነቱን ለመናገር ግን አንዴ እንኳ አልደፈርኩም።

ባለፈው ጥር ለጉዳይ ሰበታ ሄጄ ነበር። አንድ ሱቅ ገብቼ ስማቸውን ጠራሁ፤ ባለሱቁ የአባታቸውን ስም እንኳ ሳይጠይቀኝ በጣቱ ሰማያዊ በር አሳየኝ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማል፤ ከአንድ ሰው ጋር ይጫወታሉ። እዚያ በር ላይ ጥቂት ቆምኩ።

አላንኳኳሁም።