ለሌለኝ ወንድም የገዛሁት ግራፊክስ ካርድ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከአእምሮዬ የማይጠፋው ዕቃው ስለተበላሸ ብቻ ሳይሆን በገዛ አፌ ራሴን ችግር ውስጥ ስለከተትኩ ነው።

የምኖረው ቄራ፣ ከእናቴና ከሁለት እህቶቼ ጋር ነው። ተመርቄ ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። የመኪና ውድድር ጌም በጣም እወዳለሁ። አዲስ የጌም ኮምፒውተር መግዛት ግን ለእኔ የማይታሰብ ስለሆነ፣ መሥሪያ ቤታችን ካስወገዳቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱን ገዝቼ ያገለገሉ ዕቃዎችን ቀስ በቀስ ጨመርኩበት። የቀረኝ ግራፊክስ ካርድ ነበር። ያለ እሱ ጌሙ ደብዝዞ፣ እየተንቀረፈፈ ነው የሚሄደው።

ካዛንቺስ ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ የምፈልገውን ገና ስነግረው «ለወንድምሽ ነው?» አለኝ። ሁለት ወንዶች ተቀምጠው ያዩኛል። አፈርኩና «አዎ» አልኩ።

ወንድም የለኝም።

ካርዱን ሰክቶ አንድ ቪዲዮ ከፈተልኝ፤ ሠራ። «ሦስት ቀን መሞከሪያ አለሽ። ካልሠራ ትመልሺዋለሽ» አለኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው በቃል ነው።

ቤት ወስጄ አሥር ደቂቃ ያህል እንደነዳሁ ስክሪኑ በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሸፈነና ቀጥ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ያው ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ይዤው ተመለስኩ። ባለሱቁ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

«እህት፣ አንቺን ምን ላስጨንቅሽ? ወንድምሽ ይምጣና ከእሱ ጋር እናውራ። ነካክቶት ይሆናል።»

«አልነካካውም።»

«እሱ መጥቶ ይንገረኛ!»

ዛሬም እዚያው ከተቀመጡት ሁለት ወንዶች አንዱ «ፈርቶ ነው እህቱን የላከው» ብሎ አሳቃቸው።

ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬን «ወንድሟ ነኝ በልልኝ» ልለው ስልኬን አወጣሁ። ከዚያ ተናደድኩ። ለወራት ቆጥቤ የገዛሁትን ለመመለስ ወንድ መዋስ አለብኝ? ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቤት ሄጄ ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቀለልኩና ታቅፌው ታክሲ ገባሁ። ረዳቱ «ይሄ የሰው ቦታ ይዟል፣ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም ብዬ እከፍል ነበር።

«ጭኔ ላይ ነው እኮ። የማንን ቦታ ያዘ?»

ከኋላዬ የነበሩ ሴትዮ «ተዋት እባክህ» አሉት። ተወኝ።

ሱቁ ስደርስ ኮምፒውተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። «ወንድም የለኝም። የምጫወተው እኔ ነኝ» አልኩ።

ባለሱቁ ሳቀ። «ታዲያ ያኔ ለምን ዋሸሽ?»

«አፍሬ ነው። አሁን ስክሪን ስጠኝ።»

ሰጠኝ። ጌሙን ከፍቼ መንዳት ጀመርኩ። ያ ቀልደኛ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ፍሬን! ኧረ ፍሬን ያዢ!»

«ዝም በል፣ ታውቃለች» አለው ጓደኛው።

ብዙም ሳይቆይ ነጠብጣቡ መጣ፣ ስክሪኑም ቀጥ አለ።

«ማሽንሽ አሮጌ ስለሆነ ነው» አለ ባለሱቁ።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ካርዱን ራሴ ነቀልኩት። ያለ ካርድ ያንኑ ጌም ሃያ ደቂቃ ነዳሁ። መኪናዋ ትንቀራፈፋለች፣ መንገዱም ደብዝዟል፤ ነጠብጣብ ግን አንድም የለም። በመጨረሻ ቀልደኛው «በቃ ቀይርላት እንጂ፣ ማሽኑ ደህና ነው» አለ።

ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሌላ ካርድ አወረደ። እሱንም ሰክቼ ተቀመጥኩ። ምሳ ሊወጣ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ «አምነሽ ውሰጂው በቃ» ሲለኝ «አንድ ዙር ቀረኝ» አልኩት። ዙሩን ጨርሼ፣ ምንም እንዳልሆነ አይቼ ወጣሁ።

ደፋር ሆንኩ አልልም። ሰው የበዛበት ቦታ ዛሬም ያስጨንቀኛል። ቢሮ ግን «ቅዳሜና እሁድ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ሲሉኝ «ጌም ስጫወት» እላለሁ። «በዚህ ዕድሜሽ? የምትቆጥቢው ለዚህ ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ለዚህ ነው። ደስ ስለሚለኝ ነገር ማንንም ማስፈቀድ ያለብኝ አይመስለኝም።