የጋሽ ታደሰ የአጃ ገንፎ

ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ግንበኛው ጋሽ ታደሰ አንዴ ልባቸውን ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ኮሌስትሮላቸው እንዲወርድ ጠዋት ጠዋት አጃ እንዲበሉ መከርኳቸው። የአጃ አሰር ኮሌስትሮልን ይዞ ከሰውነት ያስወጣል፤ ለዘገባ ስሠራው ከሐኪም ያረጋገጥኩት ነው።

ከሦስት ወር በኋላ የደም ምርመራቸው ብሶ መጣ። ግራ ገብቶኝ ቁርስ ሰዓት ላይ ሄድኩ። የአጃ ገንፏቸው መሃሉ ተጎድጉዶ በቅቤ ተሞልቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ቅቤ?»

«አጃው ጠራርጎ ያወጣዋል ብለኸኝ የለ? እሱን ተማምኜ ጨመር አደረግኩበት።»

መስኮቱ ላይ እሽጉ ያልተፈታ የመድኃኒት ፓኮ አየሁ።

«ይሄስ?»

«የልብ ኪኒኔ ነዋ! አጃውን ካዘዝክልኝ ወዲህ አልነካሁትም።»