ያልተቀበልነው ዘፈን

ደምሴ ያን ንጋት የዘፈነው እኛን ለማስመለጥ ነው ወይስ እኛን ለመጥራት? ዛሬም አላውቅም።

የያዝነውን ጉብታ ለቀን እንድንወርድ ትእዛዝ የደረሰን ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የጋንታዋ ሬድዮ ኦፕሬተሯ ስለነበርኩ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጉሙ ወፍራም ነበር። ጠላት ከሸለቆው ማዶ መትረየስ ጠምዷል። «ኮቴ እንኳ እንዳልሰማ» አለን መቶ አለቃው። ደምሴ ከምሽጋችን ፊት ለፊት ቃፊር ቆሞ ነበር። እንዲጠራው የላክነው ወታደር አልተመለሰም። ጠበቅን። ሊነጋብን ሲል ያለ እነሱ መውረድ ጀመርን።

ደምሴ ከመዝመቱ በፊት አዝማሪ ነበር። ምሽግ ውስጥ አንድ ስንኝ ያወጣና «ተቀበሉኝ!» ይላል፤ ካልተቀበልነው አይቀጥልም። «ከምን ዓይነት ሬሳ ጋር ነው የዘመትኩት!» እያለ ይሰድበናል።

ቁልቁለቱን ሳናጋምስ ድምፁ ከላይ መጣ። አንድ ስንኝ። ከዚያ ዝም። ያቺን ዝምታ ሁላችንም እናውቃታለን፤ የእኛ ተራ ነበረች።

«ማንም እንዳይቀበል» አለ መቶ አለቃው በሹክሹክታ።

መትረየሱ ወደ ድምፁ ዞረ። እኛ ወረድን። ስንኙን ደገመው። አሁንም ጠበቀን። ሦስተኛ አልሰማንም።

ወንዙ ዳር ተቆጠርን። ሰባት ጎድለናል፤ አምስቱ በዋዜማው ውጊያ የወደቁ፣ ከዚያ ተላኪውና ደምሴ።

ይህንን ለማንም ሳልናገር አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ገባሁ። አሁን ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር አንድ ሽማግሌ ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ከወዲያ ከምሥራቅ አሜሪካ፣ የአፓላችያ ተራሮች ሰው ናቸው። ከሰል ቆፍረዋል፣ በድብቅ አረቄ አውጥተው ታስረዋል፣ ሰባኪ ሆነው ተባረዋል፣ ሦስት ሚስት አግብተዋል። ከእናታቸው የተማሩትን የድሮ ዘፈን፣ ማን ማንን እንደገደለ ከነስሙ የሚተርከውን፣ ያለ መሣሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘፍኑታል።

ሬድዮ ኦፕሬተር እንደነበርኩ ብቻ ነግሬያቸው ነበር። አንድ ጠዋት ካልሲ ሳጠልቅላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጦር ሜዳም ሬድዮሽ እንዲህ ዝም ይል ነበር?» አሉኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ዘግይቼ በተማርኩት እንግሊዝኛ፣ ቃል እየመረጥኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ጀግና ነበር» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ያዳናችሁ ይመስልሻል፤ ይሆናል» አሉ። «እኔ ብሆን ግን ሁለቱንም ጊዜ መልስ ነበር የምጠብቀው።»

የሌላ እግራቸውን ካልሲ አጠለቅኩላቸው።