አራት መስመር ፈረንሳይኛ

የታሰርኩት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ብብቴ ሥር የስድስተኛ ክፍል ደብተር ይዣለሁ። በዚያ ዕድሜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ መሆን ስለሚያሳፍረኝ ደብተሩን ሁልጊዜ በሻሽ ጠቅልዬ ነበር የምሄደው። ፖሊሱ ጥቅሉን ሲያይ ከሰው ቤት የሰረቅኩት ዕቃ መሰለው። ፈትቶ ደብተር ሲያገኝ ለጓደኛው በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሁለቱም ሳቁ። ደብተሩን መንገድ ላይ ጥሎ እኔን መኪናው ላይ ጫነኝ።

ያን ሰሞን ከአገር ቤት የመንግሥት እንግዶች ስደተኛ ሊመረምሩ ይመጣሉ ተብሎ አፈሳ ነበር። እኔ የስደተኛ ወረቀት ነበረኝ። ወረቀቱን አሳየሁት፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ጅቡቲ ውስጥ ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ነፃ የምትባል ሰዓት አንዲት ብቻ ነበረች። ቀትር ላይ ጫቱ ይገባል፣ ምሳ ይበላል፣ ዕቃ ይታጠባል። ከዚያ የቤቱ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ማዳምም አትጣራም። ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ይህን ልብ ብለው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሰው በሚጠብስበት በዚያ ሰዓት፣ ለእኛ ክፍል ከፈቱ። ሙስዬ እንላቸዋለን። እሳቸው ጫት አይቅሙም፤ ሰፈሩ በዚህ የተነሳ ትንሽ እንደ ነካቸው አድርጎ ነበር የሚያያቸው።

እኔ አገሬ ላይ ያቆምኩት ዘጠነኛ ክፍል ነው። የከተማችን ተማሪዎች ሰልፍ በወጡበት ጊዜ ወረቀት በትኛለሁ። ጓደኞቼ ሲታሰሩ እኔ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው ባቡር ላይ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ካገለገልኩ በኋላ፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ። ሙስዬ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ጣታችንን እያስኬድን እንድናነብ ያደርጉን ነበር። እኔ ከክፍሉ ሁሉ ቀርፋፋዋ ነበርኩ። ቢሆንም ከአምስት ቀን በኋላ ፈተና አለኝ፤ እሱን ካለፍኩ የነርስ ረዳትነት ሥልጠና መግባት እችላለሁ። ስያዝ የማስበው ይህንኑ ነበር፤ አምስት ቀን፣ አምስት ቀን እያልኩ።

ያስገቡን የእስር ክፍል ትልቅ ነው፤ ግን ሰው በዝቶበት ጠቧል። አብዛኞቹ ወደ የመን ሊሻገሩ የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ነጠላ ጫማቸውን ትራስ አድርገው ተኝተዋል። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ በር ላይ አለ፤ ውሃው ይሞቃል፣ ጨው ጨው ይላል። ሽታውን አልጽፈውም።

ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ አንዲት ሴት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ማዕከላዊ ገበያ ጫፍ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የሚሸጡ ናቸው። እኔ እትዬ አልኳቸው፤ እስከ መጨረሻውም ሌላ ስም አልጠራኋቸውም።

«ወረቀት አለሽ?» አሉኝ።

«ነበረኝ፤ ወሰዱብኝ።»

«የኔንም ወስደዋል። ጣትሽን ምን ነካው?»

አየሁት። የመሃል ጣቴ በእስክሪብቶ ሰማያዊ ሆኗል።

«ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ እትዬ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። እዚህ ስገባ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። እንግዶቹ የሚፈልጉት የተማረውን ነው። ከጠየቁሽ ማንበብ መጻፍ አልችልም በይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።» የሻሻቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው፣ እንደ ሕፃን እጄን ይዘው፣ ቀለሙን ጠረጉልኝ።

ባላቸው አገር ቤት እስር ላይ ሞተዋል። እሳቸው እርጉዝ ሆነው ከተሰደዱ ስምንት ዓመታቸው ነው። እዚሁ የወለዷት አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ አሁን ጎረቤት ጋ ነው ያለችው።

«ፈረንሳይኛውን ታንበለብለዋለች» አሉኝ። «እኔም ደብተሯን ይዤ ጎበዝ እላታለሁ። አንድ ቀን ‹እማዬ፣ የያዝሽው እኮ ተገልብጧል› ብላኝ አረፈች።»

ሳቅን። ቀጥለው ዞር ብለው አዩኝና «አንቺስ እንዲህ አርጅተሽ ትምህርት ምን አስጀመረሽ?» አሉኝ።

«ሳህን ማጠብ ሰለቸኝ።»

ስለ ሙስዬና ስለ ክፍሉ ሰዓት ነገርኳቸው። «ሰውየው ዕድሜ ይጠይቃሉ እንዴ?»

«ሙስዬ? አይጠይቁም።»

«ቢጠይቁም አሥራ ስምንት ነኝ እላቸዋለሁ። ከገበያ የምመለሰው ያኔ ነው፤ ሰዓቱ ይመቸኛል።»

ስንወጣ አብረን ልንሄድ ተስማማን። እኔ የማውቀውን ያህል ፊደል መዳፋቸው ላይ በጣቴ እየጻፍኩ አሳየኋቸው። ኮርኮር ስለሚያደርጋቸው እጃቸውን ይሰበስቡና መልሰው ይዘረጉልኛል። ሁለት ቀን እንዲህ አሳለፍን። በሕይወቴ ያስተማርኩት ተማሪ እሳቸውን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የስደተኛ ወረቀት የነበረን ስድስት ሴቶች ተጠራን። ኮሪደሩ ላይ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ከኋላው አንድ መኮንን፣ ከጎኑ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የአገራችን ሰው፤ አስተርጓሚ ነው። የሚጣፍጥ አማርኛ ነበረው።

«እህቶቼ» አለን፣ «ይሄ የመፈቻ ወረቀት ነው። ትፈርሙና ትወጣላችሁ።»

የመጀመሪያዋ ሴት እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። እያንዳንዷን «መጻፍ ትችያለሽ?» ይላል፤ «አልችልም» ስትለው አውራ ጣቷን የማኅተሙ ቀለም ላይ ይነክርና ወረቀቱ ላይ ያሳርፍላታል። አራቱ እንዲህ አለፉ። ከእኔ በፊት እትዬ ነበሩ፤ እኔ መጨረሻ ላይ ነኝ። ከትከሻቸው በላይ ወረቀቱ ታየኝ። አራት መስመር ፈረንሳይኛ ነው።

ጣቴን ከቃሉ ሥር ማስኬድ አልቻልኩም፤ በዓይኔ ብቻ ገባሁበት። የመጀመሪያው መስመር ገና ያልተማርኩት ነበር። ሁለተኛው ላይ «ቮሎንቴ» የሚል አገኘሁ። ፈቃድ ማለት ነው፤ ሙስዬ በቃል ጽሕፈት አሥር ጊዜ አስጽፈውኛል። ሦስተኛው ላይ «አዚል» አለ፣ ጥገኝነት፤ እሱን ከራሴ የስደተኛ ወረቀት አውቀዋለሁ። አራተኛው መመለስ ይላል፤ አገሬ ይላል። አንዱን ካንዱ ስገጣጥመው፣ በፈቃዴ ጥገኝነቴን ትቼ ወደ አገሬ ለመመለስ ጠይቄአለሁ ነው የሚለው።

እትዬ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ዞር ብለው ፈገግ አሉልኝ፤ «በይ ውጭ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ።

«መጻፍ ትችያለሽ?» አለኝ ሰውየው።

እሱ መልሱን ሳይጠብቅ እጄን ወደ ቀለሙ ይስበኝ ጀመር። እጄን ነጠቅኩት።

«እችላለሁ» አልኩ።

መኮንኑ ቀና አለ። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አነሳሁና ከአራቱ መስመር ሥር «ኖን»፣ አይሆንም፣ ብዬ ጻፍኩ፤ ከሱ ሥር ስሜን ከነአባቴ። ፊደሉ የሕፃን መሰለ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሬ ወረቀቱ ምን እንደሚል በአማርኛ ነገርኳቸው። አልጮኽኩም፤ ድምፅም አልነበረኝም። አስተርጓሚው ጫማውን ያይ ነበር።

እትዬ ተመልሰው ጠረጴዛው ጋ ቆሙ። «የኔን መልሱልኝ» አሉት። «አላነበብኩትም።»

«አንዴ አርፏል፣ እናቴ» አላቸው ቀስ ብሎ።

«ልጄስ?»

ወረቀታቸውን ከሌሎቹ ላይ ደረበው። ከቀትር በፊት አምስቱን የጭነት መኪና ላይ አወጧቸው። እኔ የማንበብ ችሎታዬ ስለታወቀ ለብቻዬ ተዘጋብኝ። እንግዶቹ መጥተው ጠየቁኝ፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል፣ ላልጽፍም እችላለሁ። የስደተኞችን ጉዳይ የምትከታተል አንዲት ሴት «ኖን» ያልኩባትን ወረቀት መዝገብ ውስጥ አግኝታ ከአራት ወር በኋላ አስፈታችኝ። ፈተናው አልፎ ነበር።

ከወጣሁ በኋላ መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ሰፈር ነው። ጎረቤትየዋ ልጅቷን ይዛ ሁለት ወር ጠብቃ፣ ወደ ድንበር ከሚሄድ ሰው ጋር ልካታለች። እናቷን ያገኘቻት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ቆይቶም ጠየቅሁ፣ ገበያ ውስጥም ጠየቅሁ፤ የለም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ እዚያው ቆርቆሮ ሥር ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፈተናውን አለፍኩ። ዛሬ ሐኪም ቤት እሠራለሁ፤ በፈረንሳይኛ የሕመምተኛ ካርድ እሞላለሁ፤ ማንም ቀርፋፋ አይለኝም።

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ፣ ያኔ ንባቤ ዘገምተኛ ነበር፣ አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ እትዬ ፈርመው ጨርሰው ነበር እላለሁ። የሰሙት ያጽናኑኛል፤ ምን ታደርጊ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም ይሉኛል። እኔም አመሰግናለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። እትዬ ጣታቸው ገና ቀለሙ ላይ ሳለ እኔ አንብቤ ጨርሼ ነበር። ከቀለሙ እስከ ወረቀቱ አንድ ስንዝር ነው፤ «እትዬ፣ ይቆዩ» ለማለት ይበቃ ነበር። ፈራሁ። የራሴ ተራ እስኪደርስ ድረስ ማንበብ የማልችል ሆኜ ቆየሁ።